በካቴድራል የተከተቡ አረጋውያን

በ2013 ዓ.ም. ጥር 8 ቀን፥ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፥ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሳልዝበሪ ካቴድራል ለኮቪድ ክትባት በሩን ከፈተ። አስቀድሞ የተጠሩት ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን ሲሆኑ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወረርሽኙን ፈርተው ለወራት ቤታቸውን ዘግተው የከረሙ ነበሩ። መርፌውስ የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ነገር ግን ሰውነት እንዳይቈጣ ለመጠባበቅ 15 ደቂቃ መቀመጥ ግድ ነበር። በዚህ ጊዜ የካቴድራሉ ኦርጋን መቺዎች የባኽንና የሄንደልን ዜማ ያሰሙአቸው ነበር። በገና ለለመደው ጆሯችን ኦርጋን እንግዳ ነው፤ ቢሆንም ሐሳቡን እጅግ ወደድነው። አረጋዊን ወደሚያውቀው ደጅ ጠርቶ፥ ወንበር አቅርቦ፥ ፍርሃቱን በዜማ ማብረድ የሕክምናው እኩሌታ ይመስለናል። ሁለተኛው መርፌ ግን እስከ 12 ሳምንት ይዘገይ ስለ ነበር፥ ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻቸውን ሳያቅፉ ገና ቈዩ።