አንድ ግብር፣ ሁለት ሂሳብ

በማታው ትምህርት መደመርና መቀነስ ተምረናል። ዛሬ በመቀነስ ላይ የቆመ አንድ የአገር ክርክር እናነባለን።

ስፔን በአውሮፓ ያለች አገር ናት። ካታሎንያ በሰሜን ምሥራቋ የምትገኝ ክፍለ ሀገር ናት። የራሷ ቋንቋ፣ ብዙ ፋብሪካና ትልቅ ወደብ አላት። ከስፔን ጠቅላላ ገቢ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል የሚገኘው ከእርሷ ነው።

ብዙ ካታሎኖች «የምንከፍለው ግብር ብዙ ነው፤ የሚመለስልን ጥቂት ነው። ተገንጥለን ራሳችንን ብንችል ይሻላል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ያለው ብዙ ይክፈል፤ የደኸየው ክፍለ ሀገርም ትምህርት ቤትና ሐኪም ያግኝ» ይላሉ።

ለመሆኑ ልዩነቱ ስንት ነው? የ2011 እ.ኤ.አ. ሂሳብ እንይ። የካታሎንያ አስተዳደር 15 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው አለ። የስፔን መንግሥት 8 ቢሊዮን ተኩል ገደማ ነው አለ። ዩሮ ገንዘባቸው ነው። አንድ ቢሊዮን ማለት ሺ ሚሊዮን ነው።

ታዲያ ማን ዋሸ? ነገሩን በእድር እንየው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አንድ እድር አላቸው እንበል። ድንኳኑ የሚቀመጠው ታች ሰፈር ነው። ላይ ሰፈሮች «ድንኳኑ የታች ሰፈር ነው» ብለው ካሰሉ፣ ብዙ ገንዘብ የሄደባቸው ይመስላል። ሐዘን ሲደርስባቸው ግን እነሱም እዚያው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህ ሲቆጠር ልዩነቱ ያንሳል።

የስፔንም እንዲሁ ነው። አንደኛው ሂሳብ ገንዘቡ የወጣበትን ቦታ ይቆጥራል። ሁለተኛው እንደ አገር መከላከያ ያለውን የጋራ ጥቅም ለሁሉም ያካፍላል። በሁለቱም ሂሳብ ግን ካታሎንያ ከምታገኘው የምትከፍለው ይበልጣል።

ባስክ የሚባለው ሌላ ክፍለ ሀገር ግብሩን ራሱ ሰብስቦ ለማዕከላዊው መንግሥት ድርሻውን ይከፍላል። ካታሎንያም በ2012 ይህን የመሰለ ስምምነት ጠየቀች፤ መንግሥት እምቢ አለ። በ2017 ፍርድ ቤት የከለከለውን የመገንጠል ድምፅ አሰጠች። ከዚያ በኋላ ከ3,000 በላይ ኩባንያዎች፣ ትልልቅ ባንኮችም ጭምር፣ ዋና አድራሻቸውን ከካታሎንያ አወጡ። ካታሎንያም ከስፔን አልተለየችም።

እንግዲህ ሂሳብ ሲነበብላችሁ «ምን ተቆጠረ? ምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሁን መዝገቡን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

እንወያይ

1. በሁለቱ ሂሳቦች መካከል ስንት ቢሊዮን ዩሮ ልዩነት አለ?
2. ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል ወይስ ሁሉም እኩል? ለምን?
3. የእድራችሁን መዝገብ ማን ያነባል?