ገምጋሚው «ምንጭህ የታለ?» ይላል

ዊኪፔዲያ ላይ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል የተጻፈ ጽሑፍ እንዴት ይታረማል? እ.ኤ.አ. በ1983 የታየውን የአሜሪካኖቹን «ማሽ» የመጨረሻ ክፍል እንውሰድ። ጀማሪ ጸሐፊ ታሪኩን ብቻ ይተርክና ይተወዋል። ይኼ አይበቃም፤ እንዲያውም በእንግሊዝኛው መመሪያ ለአንድ ክፍል ታሪክ ባብዛኛው 400 ቃል ይበቃል። አለን አልዳ እንዳዘጋጀው፣ ተቺዎችም ያሉት መግባት አለበት።

ከዚያ በጽሑፉ ሥራ እጁ የሌለበት ሰው ይገመግመዋል። ለታሪኩ ድራማው ራሱ ምስክር ነው። «ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው» ለሚለው ግን ምንጭ ይጠየቃል፤ ካልቀረበ፣ እውነትም ቢሆን፣ ሊሰረዝ ይችላል! እኛ ሠልጣኞች ይኼን ወደነዋል፤ ነገ ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ቁጥር ሕፃናቱ ሳይጠይቁ ነዋ የሚገለብጡት።

ለማረሚያ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ይሰጣል። ካልታረመ «ጥሩ ጽሑፍ» የሚለውን ማዕረግ አያገኝም።