ልጇን በፍርድ ቤት ያስመለሰች እናት

ዘጠኝ ወር በሆዷ ተሸክማ፣ አምጣ የወለደችው ልጅ የማን ነው? ጥያቄው ዛሬ ለማንኛችንም እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በቨርጂኒያ የወጣው ሕግ ግን መልሱን ደንግጎት ነበር። እናቲቱ ባሪያ ከሆነች ልጇም ባሪያ ነው። አባቱ ራሱ ጌታዋ ቢሆን እንኳ ለውጥ አልነበረውም።

ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው አትላንቲክን እንዲሻገሩ በመርከብ ተጭነዋል። ከእነዚህም 1.8 ሚሊዮን ያህሉ በጉዞ ላይ አልቀዋል። የተረፉት በብራዚል፣ በካሪቢያን ደሴቶችና በሰሜን አሜሪካ ለሸንኮራ አገዳ፣ ለትምባሆና ለጥጥ እርሻ ተሸጡ። ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል ከመሥራታቸውም በላይ፣ የሚወልዱት ልጅ ለጌታው ተጨማሪ ሀብት ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ኢዛቤላ በ1797 ገደማ በኒውዮርክ በባርነት ተወለደች። እናቷ አብዛኞቹ ልጆቿ ተሸጠውባታል። ኢዛቤላም በዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች። በ1826 ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከጌታዋ ቤት ወጣች። ከዚያም አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጇ ፒተር ወደ አላባማ መወሰዱን ሰማች።

የኒውዮርክ ሕግ ባሪያን ከግዛቱ አውጥቶ መሸጥን ይከለክል ነበር። ኢዛቤላ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ገንዘብም አልነበራትም። ይሁን እንጂ ኩዌከር የተባሉ ክርስቲያኖች እየረዷት፣ ከዳኛ ዳኛ እየተመላለሰች ነጭ ባለሀብትን ከሰሰች። በ1828 ተፈረደላት።

ልጁ ግን ፊቷ በቀረበ ጊዜ ከፍርሃት የተነሳ «እናቴ አይደለችም» ብሎ አለቀሰ። ቀስ በቀስ ተባብሎ ወደ እቅፏ ሲገባ ገላውን ብታየው በግርፋት ጠባሳ ተሸፍኖ ነበር።

ይህች እናት በ1843 ስሟን ሶጆርነር ትሩዝ ብላ ለውጣ፣ በ1883 እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ ስለ ባሮች ነፃነትና ስለ ሴቶች መብት በየአደባባዩ ተናግራለች።

የእሷ ዕድል ለብዙዎቹ አልደረሰም። በ1865 በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ፣ የተሸጡባቸውን ልጆች የሚፈልጉ እናቶች ለብዙ ዓመታት በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። የልጁን ስም፣ የገዛውን ሰው ስም፣ የተለያዩበትን ቦታ ይጽፋሉ። አብዛኞቹ ልጃቸውን ዳግመኛ አላዩም።

የባሪያ ንግድ ታሪክ ሲነሳ የመርከቡና የሸቀጡ ቁጥር ብዙ ይወራል። የእነዚህ እናቶች ጥሪም አብሮ ሊታወስ ይገባል።