ያለ እናት፣ ያለ መብራት

የእርግብና የበቀቀን ጫጩት ራቁቱን፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ስለሚፈለፈል ለሳምንታት ካልጎረሰ አያድግም። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ ማግስት ራሱ ይለቅማል። ሊፈለፈል ሲል ወደ ሆዱ የሳበው አስኳል ስንቅ ስለሚሆነው፣ ከመፈልፈያ ጣቢያ ወልቂጤ አቅራቢያ ካለችው ጉብሬ እስኪደርስ በካርቶን ሆኖ ረሃቡን ይችላል። የማይችለው ብርድ ነው፤ ላባ እስኪያወጣ የሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ አይሆንለትም።

ስለዚህ አርቢው በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ማዘጋጀት፣ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ መቀነስ አለበት። በአምፖል ብቻ የተማመነ ሰው ሌሊት መብራት ከጠፋበት፣ ጫጩቶቹ ብርድ ሽሽት ተደራርበው ታፍነው ያድራሉ።

ለዚህ ችግር በአገራችን ሲሠራበት የቆየው መላ ሄይቦክስ የሚባለው ሳጥን ነው። ከጣውላ ይሠራል፤ በዙሪያው ድርቆሽ ተጠቅጥቆ መሐሉ ላይ ክብ ጎጆ ይተዋል። ክብ የሚደረገው ጫጩቶቹ ጥግ ይዘው እንዳይረጋገጡ ነው። ክዳኑም ድርቆሽ ይለብሳል፤ አየር ማስገቢያ ግን ይተውለታል። ሳጥኑ ሙቀት አያመነጭም፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ሙቀት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ጥቂት ጫጩት ብቻ ከገባበት አይሞቅም። እስከ 50 ጫጩት ይይዛል።

ከሳጥኑ ጋር በወንፊት ሽቦ የታጠረ መዋያ ይያያዛል። መኖውና ውሃው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የረጠበ ድርቆሽ ስለሚቀዘቅዝና ስለሚሻግት ወዲያው ይቀየራል። ጫጩቶቹ እንደደረሱ አንድ በአንድ ተይዘው መንቁራቸው ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፤ ጥቂቶቹ መጠጣት ከለመዱ ሌሎቹ እነሱን አይተው ይከተላሉ። ላባቸው ሲሞላ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከሳጥኑ ይወጣሉ።

የአገር ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያም ለሁለት ወር ያህል ጫጩት ስትመራ እንቁላል አትጥልም። ሳጥኑ የማሳደጉን ሥራ ሲወስድላት ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረባት ጉብሬ፣ ተማሪ እስካለ ድረስ እንቁላል ፈላጊ አያጣም።

ሳጥኑ ከብርድ እንጂ ከፈንግል አያድንም። ጫጩት ከመግዛትዎ በፊት ድርቆሹን ያድርቁ፣ ሳጥኑን ያሠሩ፤ የክትባቱንም ቀን ከአካባቢዎ የእንስሳት ሐኪም ጋር ይቁረጡ።