የዝናብ መዝገብ እንዳይጠፋ የሚሞሪ ካርዱ ምርጫ ይታሰብበት

ሐዋሳ፦ በሲዳማ ክልል ከወንዶ ገነት እስከ ቦሪቻ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። ይሁን እንጂ በአንደኛው ዝናቡ በሚገባ ሲጥል በሌላው የበቆሎው ቡቃያ በውሃ ጥም ሊጠወልግ እንደሚችል የአካባቢው ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በመሆኑም በሐዋሳ ከተማ የተለካው ዝናብ ስለየቀበሌው ዝናብ ሊመሰክር አይችልም። የበልግ ዘር የሚዘራበትን ቀን ለመወሰንም ሆነ፣ ሰብል ሲጠፋ ዝናቡ መቼና ምን ያህል እንደቀረ በማስረጃ ለማስረዳት የየቀበሌው የራሱ መዝገብ ያስፈልጋል።

ይህ መዝገብ ገንዘብ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሃ በተባለው ቀበሌ 200 ያህል አባወራዎችና እማወራዎች በዝናብ ልክ ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን ገብተው ነበር። በዚህ ዓይነቱ መድን ካሣ የሚከፈለው ማሳው ታይቶ ሳይሆን፣ የዝናቡ ልክ አስቀድሞ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ነው። ልኩ ከሳተላይትም ይምጣ ከመሬት መለኪያ፣ መዝገብ በሌለበት የሚነሣ ክርክር መሠረት አይኖረውም።

በስፋት የሚሠራበት ራስ ሰር የዝናብ መዝጋቢ አሠራሩ ቀላል ነው። በውስጡ እንደ ሚዛን የሚወዛወዙ ሁለት ትናንሽ ጽዋዎች አሉ፤ አንደኛው ሲሞላ ይደፋና ሌላው በቦታው ይተካል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች አንድ መድፋት 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። መድፋቱን የምትቆጥረው አነስተኛ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቁጥሩን ከነሰዓቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ ትጽፋለች። የስልክ መስመር በማይደርስበት ቀበሌ ካርዱ በሰው እጅ ወደ ከተማ ይወሰዳል። እንግዲህ የቀበሌው የዝናብ መዝገብ ይህችው ካርድ ናት።

ታዲያ መሣሪያው የትኛውን ዓይነት ካርድ ይቀበል የሚለው ጥያቄ የነዳፊው መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ጉዳይ ነው። ኮምፓክት ፍላሽ የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ስማርት ሚዲያ በ1995፣ ኤስ ዲ በ1999፣ ኤክስ ዲ በ2002 ለገበያ ቀርበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስማርት ሚዲያና ኤክስ ዲ ከገበያ ወጥተዋል። በእነርሱ የሚሠራ መሣሪያ ዛሬ ማረሻ የማይገኝለት ሞፈር ማለት ነው። በአየር ጠባይ መዝጋቢዎቹ የታወቀው የካምፕቤል ሳይንቲፊክ ኩባንያም ቀድሞ ሲ አር 1000 ለተባለው መዝጋቢው በኮምፓክት ፍላሽ ይጠቀም ነበር፤ በኋላ የተካው ሲ አር 1000 ኤክስ ግን ማይክሮ ኤስ ዲ የሚቀበል ሆኗል።

የኮምፓክት ፍላሽ ማስገቢያ 50 መርፌዎች ያሉት ስለሆነ ካርዱ በችኮላ ሲገባ መርፌው ሊጎብጥ ይችላል። የኤስ ዲ ቤተሰብ ካርድ ግን በ3.3 ቮልት ኃይልና በአራት የመልእክት ሽቦዎች ብቻ ከአነስተኛ መሣሪያ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ማይክሮ ኤስ ዲ ወርዱና ቁመቱ 11 በ15 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽነቱ ሣር ውስጥ ለመጥፋት ያጋልጠዋል። በሌላ በኩል ግን ወጣቱ ዘፈን አስጭኖ በስልኩ የሚያዳምጥበት ሚሞሪ ይኸው ስለሆነ በትናንሽ ከተሞች ሱቅ ሳይቀር ይገኛል። መዝገቡ መጻፉንም ካርድ በሚቀበል ስልክ እዚያው ቀበሌ ላይ ማየት ይቻላል።

ብዙ የሚይዝ ካርድ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት ስሕተት ነው። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው 50 ፊደል ያህል ቢጽፍ በቀን 96 መሥመር፣ በዓመት ከ1.8 ሜጋባይት ያነሰ ይሆናል። በዚህ ስሌት 8 ጊጋባይት ካርድ ከ4,000 ዓመት በላይ ይበቃል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ካርዶች ኤክስ ፋት በተባለ ሥርዓት ተሰናድተው ስለሚመጡ፣ ፋት 32 የተባለውን ብቻ የሚያነቡ ብዙ ትናንሽ መሣሪያዎች አይቀበሏቸውም። ከዚህም ሌላ በላያቸው የተጻፈውን ያህል የማይዙ የማጭበርበሪያ ካርዶች በየአገሩ ይሸጣሉ። አዲስ ካርድ በኮምፒውተር እስኪሞላ ተጽፎበት፣ የተጻፈውም ተመልሶ ተነቦ ካልተረጋገጠ ለሥራ መዋል የለበትም።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን ካርዱ በሚጽፍበት ጊዜ ኃይል ሲቋረጥ ነው። በዚህን ጊዜ የሚጠፋው የዕለቱ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የመዝገቡ ማውጫ ተበላሽቶ የከረመው ሁሉ የማይነበብ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ሲጽፍ የሚወስደው ኃይል 100 ሚሊአምፔር ሊደርስ ስለሚችል በደመና ቀን የደከመ ባትሪ ላይከብደው አይችልም። ስለዚህ መልካም ንድፍ የሚባለው መሣሪያው ቁጥሩን በመጀመሪያ ከሰሌዳው ጋር በተበየደች ትንሽ ቋሚ ሚሞሪ ላይ ይዞ፣ ወደ ካርዱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያስተላልፍ ነው። 4 ሜጋባይት የሆነች ቋሚ ሚሞሪ ከላይ በተገለጸው ስሌት ከሁለት ዓመት በላይ ትይዛለች። ካርዱ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መዝገቡ አብሮ አይጠፋም ማለት ነው።

የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው። ዛሬ እርሻም ምህንድስናም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሰጡ ትምህርቶች ስለሆኑ የገበሬው ጥያቄ ለመሣሪያ ነዳፊዎች ሩቅ አይደለም። የማኅበር መሪዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከመረከባቸው በፊት አራት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል። ካርዱ በቅርብ ገበያ ይገኛልን? በስልክ ይነበባልን? ካርዱ ቢጠፋ ቅጂው በመሣሪያው ውስጥ ይቀራልን? ካርዱን ለማውጣት ጊዜው መሆኑን የሚያመለክት ቁልፍና መብራት አለውን?

የተረከበ ማኅበርም ኃላፊነት አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ መብራቱ ሳይጠፋ ካርዱን መንቀል የወራት መዝገብ ያስከፍላል። ካርዱን የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ተወስኖ ይታወቅ፤ ሁለተኛ ካርድም በተጠባባቂነት ይኑር፤ የወጣው ካርድ ቀበሌው ተጽፎበት ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይጓዝ። ከመዝጋቢው አጠገብም ተራ የዝናብ መለኪያ ቆሞ ልኩ በየጧቱ 3 ሰዓት በደብተር ይጻፍ። ካርዱና ደብተሩ ሲስማሙ መዝገቡ የሚታመን ይሆናል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ስሕተቱ የዘር ወቅት ሳያልፍ ይታወቃል።