ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ምክንያት ስለሚመጣ የጡንቻ መዛል

ከብት ለአገራችን ገበሬ ሀብቱም ጉልበቱም መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከብቱ በታመመ ጊዜ የሚወጋው መድኃኒት ያለ መጠን የተሰጠ እንደ ሆነ፥ ራሱ ሊያዝለው ትንፋሹንም ሊያቋርጠው እንደሚችል ሹማምንትና ባለከብቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

የእንስሳ ሰውነት የሚንቀሳቀስበት ሥርዐት እንዲህ ነው። ትእዛዝ በነርቭ ተልኮ ወደ ጡንቻ ይደርሳል፤ ነገር ግን በነርቩ ጫፍና በጡንቻው መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ትእዛዙ ከዚያ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ይገባል፤ በዚህም ጊዜ አሴቲልኮሊን የሚባል ቅመም ወደ ክፍተቱ ይፈሳል፤ ጡንቻውም ቅመሙ ሲነካው ይኰማተራል።

ስትሬፕቶማይሲን፥ ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲን ግን ካልሲየም እንዳይገባ በሩን ይዘጋሉ። ስለዚህ መልእክተኛው ቅመም ያንሳል፤ ጡንቻውም የመጣውን መልእክት አሳንሶ ይቀበላል። ስትሬፕቶማይሲን በአሜሪካ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፥ ቪታል ብራዚልና ኮራዶ የተባሉ ሊቃውንት በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራው የደቡብ አሜሪካ አዳኞች በፍላጻ ጫፍ የሚቀቡትን ኩራሬ የተባለውን መርዝ እንደሚመስል አስረድተዋል። ፔኒሲሊን ብቻውን በዚህ ነገር አይከሰስም፤ ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ጠርሙስ ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል።

አደጋው የሚበረታው መጠኑ ሲበዛ፥ በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ፥ ኵላሊቱ ለታመመ ከብት ወይም ማደንዘዣ ለወሰደ ሲሆን ነው። ይልቁንም አዲስ የወለደችና በደሟ ካልሲየም ያነሰባት የወተት ላም ትጐዳለች። ምልክቱም እግር መብረክረክ፥ አንገት መዝለፍለፍ፥ ተኝቶ መቅረት፥ በመጨረሻም የትንፋሽ ማጠር ነው። ይህ በታየ ጊዜ መድኃኒቱን ማቆምና የእንስሳት ሐኪም ሳይዘገዩ መጥራት ይገባል፤ ሐኪሙም ካልሲየም በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል፥ እንደ ነገሩም ኒዮስቲግሚን ይጨምራል።

ሌላም ብርቱ ነገር አለ። የወደቀውን ከብት ሳይሞት ልረድ ማለት በአንዳንዱ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን የእነዚህ መድኃኒቶች ቅሪት በኵላሊት ውስጥ ብዙ ቀን ይቈያል፤ በገጠር የተፈጸመው ስሕተት በአዲስ አበባ በመስቀል ፍላወር ሠፈር ልኳንዳ ቤት ገብቶ በማያውቀው ሰው ማዕድ ላይ ይቀርባል። እንግዲህ መድኃኒት በገበያ እንደ ጨው እንዳይሸጥ መጠበቅ፥ የተወጋም ከብት በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይፈጸም እንዳይታረድ መከልከል የሹማምንት ፋንታ ነው። ከሁሉም የሚሻለው በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠራውን የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት አስቀድሞ ማስከተብ ነው፤ ያልታመመ ከብት መድኃኒት አያሻውምና።