በባዶ ቅጫም ከክፍል መባረር

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በየዓመቱ አንድ ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ «ትምህርት ቤቶች ቅማል ያለበትን ልጅ ወደ ቤት መላክ አቁመዋል፤ ከልጆቻችን ጋር እያስቀመጧቸው ነው» የሚል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖቻችንም ይቀባበሉታል። ከሥሩ «ይህች አገር አበቃላት» የሚል አይጠፋም።

እስቲ ረጋ እንበል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት ገበታ መቅረት የለበትም ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሎታል፣ በ2015 ደግሞታል፣ በ2022ም አድሶታል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ልጁ የዕለቱን ትምህርት ጨርሶ ቤቱ ይሂድ፣ ሕክምና ይጀምር፣ ከዚያም ይመለስ ይላል። አዲስ ዜና ተብሎ የሚዞረው ነገር ዛሬ አንደኛ ደረጃ ከሚማሩት ልጆች በዕድሜ ይበልጣል።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልለፈው። የራስ ቅማል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህላል። አይዘልም፣ አይበርም፣ ይድሃል። የሚተላለፈው በአብዛኛው ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። የታጠበና ያልታጠበ ፀጉር አይመርጥም። ከራስ ላይ ከወረደ ደም ስለማያገኝ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ መርጨት ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቅጫሙ ላይ ነው።

ሴቷ ቅማል እንቁላል ስትጥል በአንዲት ነጠላ ፀጉር ላይ ፈሳሽ ሙጫ ታፈሳለች። ሙጫው ፕሮቲን ነው። ቶሎ ይደርቅና ፀጉሩንም የእንቁላሉንም ግርጌ አቅፎ ይይዛል። ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ስለሚቀራረብ ሙጫውን የሚያሟሟ ነገር ፀጉሩንም ሳይጎዳ አያልፍም። በሻምፑ የማይለቀውም ለዚህ ነው። ፎረፎር በጣት ሲነኩት ይንሸራተታል፤ ቅጫም ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን አምታቶ ልጅ ያስወጣ አስተማሪ ብዙ ነው።

እንቁላሉ ለመፈልፈል የራስ ቆዳ ሙቀት ያስፈልገዋል። በዚህም የተነሳ እናቲቱ ከቆዳው ብዙም ሳትርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሚሊሜትር ውስጥ ትጥለዋለች። ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይፈለፈላል። ቀፎው ግን ሙጫው ስለማይለቀው እዚያው ይቀራል። ፀጉር ደግሞ የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ። ሸማኔ እየሠራው ባለ ጨርቅ ላይ የወደቀች ጠብታ ሥራው በገፋ ቁጥር ከእጁ እየራቀች ወደ መጠቅለያው እንደምትሄድ ሁሉ ቅጫሙም ከቆዳው እየራቀ ይሄዳል። ርቀቱን ያየ ዕድሜውን ያውቃል። ከቆዳው 3 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ቅጫም የ3 ወር ያህል ዕድሜ አለው፤ የጣለችው ቅማል እንኳ ከአንድ ወር ብዙም ስለማትዘልቅ ከሞተች ሰንብታለች። በዚያ ላይ ሕያው እንቁላል ቡናማ ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ከሩቅ ነጭ ሆኖ የሚታየው ባዶው ቀፎ ነው። እንግዲህ «ቅጫም አየሁ» ብሎ ልጅ የሚያስወጣ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያስወጣው በቀፎ ነው። (በሞቃት አካባቢ እንቁላል ከቆዳው ራቅ ብሎም ሊገኝ ስለሚችል ሚሊሜትሯን እንደ ሕግ አትያዙብኝ።)

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አትላንታ አካባቢ ባሉ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 1,729 ልጆችን መርምሯል። ቅማል የተገኘባቸው 28 ነበሩ፤ ቅጫም ብቻ የታየባቸው ደግሞ 63። ከእነዚህ 50ዎቹን ለሁለት ሳምንት ተከታትለው ሲያዩ ቅማል ያፈሩት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከራስ ቆዳው አጠገብ አምስትና ከዚያ በላይ ቅጫም የነበረባቸው ሲለዩ ከሦስቱ አንዱ ያህል ቅማል አፍርቷል፤ ከዚያ ያነሰ ከነበረባቸው ግን ከአሥራ አራቱ አንዱ ብቻ። ቅጫም የታየበትን ልጅ ሁሉ በሚያግደው «ቅጫም አልባ» ደንብ ቢሆን ኖሮ አርባ አንዱ ልጆች በከንቱ ቤት ይቀመጡ ነበር።

የጊዜውም ነገር አለ። ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት በቅማሉ ምራቅ ሲቆጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ልጅ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ዛሬ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ራሱን ሲያክ የተገኘ ልጅ ወር ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ከርሟል። ለቀሩት ሁለት ሰዓታት ማስወጣት ምኑን ይከላከላል? ልጁን ከማሳፈር በቀር ምንም።

«ቅማል እኮ በሽታ ያመጣል» የሚሉ ወላጆች ከሜዳ ተነስተው አይደለም። በአገራችን ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ሲያስተላልፍ ኖሯል። ያ ግን በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የልብስ ቅማል ነው። ሁለቱ በዘር እጅግ ስለሚቀራረቡ ጉዳዩ እዚህ ላይ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በተሰበሰቡ የራስ ቅማሎች ውስጥ፣ በተለይም ከደጋ በተገኙት፣ ባርቶኔላ ኩዊንታና የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ዘረመል አግኝቷል። ሆኖም ባክቴሪያው በቅማሉ ውስጥ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ቅማሉ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ሌላ። የመጀመሪያው ታይቷል፤ ሁለተኛው እስካሁን ያከራክራል። አሜሪካ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ልጅ ግን የሚያሰጋው ያ አይደለም፤ በማከክ የቆሰለ ቆዳ እንዳይመረቅዝ መጠንቀቅ ይበቃል።

መድኃኒቱም ላይ ክርክር አለ። በየፋርማሲው የሚሸጠው ፐርሜትሪን የሚመታው ዲዲቲ የሚመታውን ያንኑ የነርቭ በር ነው። በሩን ለውጦ መድኃኒቱን የሚያመክን የዘረመል ለውጥ በአሜሪካ ቅማሎች ዘንድ በስፋት ተሰራጭቷል። ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር ግን ስንቱ በዚህ፣ ስንቱ በአጠቃቀም ስህተት እንደሆነ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ከስህተቶቹ ትልቁ ሁለተኛውን ዙር መዝለል ነው። ፐርሜትሪን እንቁላሉን በደንብ ስለማይገድል፣ የተረፈው ከተፈለፈለ በኋላ በ9ኛው ቀን ገደማ መድገም ያስፈልጋል። አንዳንዶች የሚቀቡት ነጭ ጋዝ ግን የሚቀጣጠል መርዝ ነው፤ የልጅ ራስ ላይ አይደርስም። ፀጉሩን ኮንዲሽነር ቀብቶ፣ እርጥብ እንዳለ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ በየሦስት አራት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ማበጠር ጊዜ ቢፈጅም ይረዳል።

ቅጫሙ ሁሉ ካልለቀቀ ልጁን አልቀበልም የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመ ደንቡ የፌዴራል ሕግ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው የትምህርት ወረዳው ነው። ደንቡን በጽሑፍ መጠየቅና የአካዳሚውን የ2022 ሪፖርት ይዞ ነርሷን ማነጋገር ይቻላል። የትምህርት ቤት ነርሶች ብሔራዊ ማኅበርም የ«ቅጫም አልባ» ደንብን ስለሚቃወም፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ስትገቡ ነርሷ ከእናንተ ጋር ብትቆም አይገርምም።